ስንቅና ትጥቅ

ያን ዓመት የእናቴ የወጥ ቤት ሚዛን ከእጄ አልወጣም። ካልሲ እመዝናለሁ፤ የጥርስ ብሩሽ እመዝናለሁ፤ ካላማደሪያውን ከነካርቶኑ እመዝንና ከካርቶኑ አውጥቼ ደግሞ እመዝነዋለሁ። የወጣውን ቁጥር ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። እማዬ ዱቄት ልትለካ ስትል ሚዛኗን ታጣዋለች፤ መኝታ ቤቴ ብቅ ብላ ወለሉን የሞላውን ኮተት ታይና፣ «ይኼ ሁሉ የሚመዘነው ለማን ሊሸጥ ነው?» ትለኛለች። ሚዛኑን እመልስላታለሁ፤ ማታ ደግሞ ተመልሼ እወስደዋለሁ።

የምዘጋጀው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ለሚነሣው ቱር ዲቫይድ ለሚባል የብስክሌት ውድድር ነበር። መነሻው የካናዳዋ ባንፍ ናት፤ መድረሻው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ ከኬላ በቀር ምንም የሌለበት አንቴሎፕ ዌልስ። በሁለቱ መካከል ወደ 4,400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ አብዛኛው ጠጠርና ኮረኮንች የሆነ መንገድ አለ። መንገዱ የሮኪ ተራሮችን ይዞ ይወርዳል፤ በግራ የወረደው ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ በቀኝ የወረደው ወደ ፓስፊክ የሚፈስበትን ተረተር ደጋግሞ ይሻገራል። ዳገቱ ሁሉ ቢደመር 60,000 ሜትር አካባቢ ነው። ካርታውን አጥንቶ ያሳተመው ሚዙላ፣ ሞንታና የሚገኘው የአድቬንቸር ሳይክሊንግ ማኅበር ሲሆን፣ ጆን ስታምስታድ የሚባል አሜሪካዊ በ1999 ከካናዳ ድንበር እስከ ሜክሲኮ ድንበር ብቻውን ነድቶ በ18 ቀን ከ5 ሰዓት ጨረሰው። ከባንፍ የሚነሣው ቱር ዲቫይድ በ2008 ተጀመረ።

የመመዝገቢያ ክፍያ የለም፤ ሽልማትም የለም፤ መንገድ ላይ የሚቆም ዳኛም የለም። «እመጣለሁ» ብለህ ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ በሰኔ ሁለተኛው ዓርብ ባንፍ ትገኛለህ፤ በሳተላይት ያለህበትን የምትናገር ትንሽ መሣሪያ ቦርሳህ ላይ ታስራለህ። ከዚያ በኋላ ለሚከታተልህ ሰው ሁሉ ካርታ ላይ ያለህ ነጥብ ነህ።

ሕግ ግን አለው። ምግብህን፣ መኝታህን፣ መፍቻህን ራስህ ትይዛለህ። ሱቅ ገብቶ መግዛት፣ ሆቴል ማደር፣ ጥገና ቤት ማሠራት ይፈቀዳል፤ ለማንም ክፍት የሆነ በር ላንተም ክፍት ነው። ላንተ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ እርዳታ ግን ክልክል ነው። ከኋላ የሚከተል መኪና የለም፤ ቀድሞ የተደበቀ ምግብ የለም፤ ከሌላው ጀርባ ተለጥፎ ከነፋስ መሸሸግ የለም። እኔ ሕጉን ጠበቅ አድርጌ ነበር ያነበብኩት፤ በተወዳዳሪዎች መካከል መስጠትና መቀበል እንኳ እንዳይኖር። ይህን ውድድር ያስመረጠኝም እሱው ነው። በሌላው ስፖርት ገንዘብ ያለው ሐኪምና መካኒክ አስከትሎ ይሄዳል፤ እዚህ ግን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ከአንድ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ያንኑ ደረቅ ቡሪቶ ገዝቶ በልቶ ይነሣል። በሌሊት ፈረቃ ሕሙማን አገላብጦ ለሚኖር እንደ እኔ ያለ ሰው፣ እኩል ሆኖ የሚቆምበት የመነሻ መስመር ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ኦሮራ ነበር፣ ከዴንቨር ጎን። ብስክሌት ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ የዚያ ሠፈር አበሻ ብስክሌቱ ሲበላሽ የማን ጋራዥ እንደሚሄድ ያውቃል። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ በወጣትነታቸው በሁለቱም ከተሞች የተወዳደሩ ሰው ናቸው። ጂሮ ዲ ኤርትራ በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አባታቸው መንገድ ዳር ቆመው እንዳዩ ይነግሩኝ ነበር። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ኦሊምፒክን ስትጀምር ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩ ለማያውቅ ሁሉ ሳያስረዱ አያልፉም። ጋራዣቸው ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል፤ አንዱ ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015ቱ ቱር ደ ፍራንስ የተራራውን ባለ ቀይ ነጠብጣብ ማሊያ ለብሶ፣ ሌላው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን።

ሐሳቤን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። «ቡድን የሌለው ውድድር ምን ውድድር ነው?» አሉኝ። እሳቸው የሚያውቁት ብስክሌት አንዱ ለሌላው ነፋስ የሚመክትበት፣ ውኃ የሚያቀብልበት፣ ጓደኛው ጎማ ሲፈነዳበት የራሱን ነቅሎ የሚሰጥበት ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለው ብሎናቸውን ማጥበቅ ቀጠሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ስገባ የመነጽራቸውን መያዣ ከፍተው፣ «ካርታውን አምጣው እስቲ» አሉ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት። ዋዮሚንግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ግሬት ዲቫይድ ቤዝን የሚባለው በረሃ እዚያ ነው፤ የዘነበው ወደ የትኛውም ባሕር ሳይሄድ እዚያው የሚደርቅበት ገላጣ። ከአትላንቲክ ሲቲ መንደር ተነሥቶ ሮሊንስ እስኪደርሱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሱቅ የሚባል ነገር የለም። «እዚህ ጋ ሰንሰለትህ ቢበጠስ ማንን ትጠራለህ?» አሉኝ። ማንንም እንደማልጠራ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ዛሬ እንጀምር።»

የጀመርነው ጥር ውስጥ ነው። የጋራዡን በር ወለል አድርገው ከፈቱትና ብርዱን አስገቡት፤ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣን። ከዚያ ሰንሰለቱን በፒንሳ በጥሰው በእጄ ሰጡኝና መብራቱን አጠፉት። «አሁን ጀምር።» በጨለማ ውስጥ የተበላሸችውን ማያያዣ በአውራ ጣቴ ጥፍር እየዳበስኩ አገኘኋት። ፒኑን የሚገፋውን መሣሪያ አስገብቼ ማዞር ስጀምር ብረቱ ቆዳዬ ላይ እየተጣበቀ ያቃጥለኛል፤ ግማሽ ዙር ሲቀረው ፒኑ ጠንከር ይላል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል። መለዋወጫዋ ማያያዣ ከኪሴ ስትወጣ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ቅጭል አለች። ጎንበስ ልል ስል፣ «ተዋት!» አሉኝ ከጨለማው ውስጥ። «የወደቀውን አትፈልግ። አሸዋ ውስጥ የገባ ብረት በሌሊት አይገኝም። ሁለተኛዋን አውጣ።» ሁለተኛዋ ሌላኛው ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ እንደዚያ እንድከፋፍላቸው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። መብራቱ ሲበራ ሰንሰለቱ ገጥሞ ነበር። ጋሼ ፔዳሉን በእጃቸው አንድ ሁለቴ አዙረው ድምፁን አዳመጡና መልሰው በጠሱት።

በዚህ ዓይነት ክረምቱን ገፋነው። ጎማ መለጠፍ፣ የተበጠሰ የቸርኬ ሽቦ መተካት፣ የተጣመመ ቸርኬ ቢያንስ ፍሬኑን እስከማይነካ ድረስ ማቅናት። ጋሼ አዲስ ነገር ሲያዩ መጀመሪያ ይጠራጠራሉ፤ ቀጥለው ይማርካቸዋል። የፊት ጎማዬ እምብርት ውስጥ ያለው ዲናሞ እንዲህ ነበር የማረካቸው። በልጅነታቸው ጎማው ላይ እየተፋተገ የሚያጓራውን ዲናሞ ያውቃሉ፤ ይኼኛው ድምፅ የለውም፤ ቀን ስልክ ይሞላል፣ ሌሊት መብራት ያበራል። «ያው ዳገት ላይ ቀስ ስትል ይደክማል» አሉኝ፤ ሞክረን ስናየው ልክ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ባትሪ ተጨመረ፤ ባትሪው ደግሞ ተመዘነ።

የኒው ሜክሲኮን ጭቃ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ዝናብ ሲነካው ጎማውንና ሹካውን አብሮ ይለስናል፤ ብስክሌቱ አይነዳም፣ አይገፋም፤ ትከሻ ላይ ይወጣል። «መረሬ ነዋ!» አሉ፤ ጥቁር አፈር የማያውቅ ማን አለና። ጭቃውን ለመፋቅ የምትሆን ጠፍጣፋ እንጨት ቀርጸው ከሹካው ጋር አሰሩልኝ። ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ ገንዘብ ያልወጣባትም እሷ ነበረች፤ ኒው ሜክሲኮ ስደርስ የአንድ ቀን መንገድ አትርፋልኛለች።

ሰውነቴን ያዘጋጀሁት በምችለው ሰዓት ነው። ከፈረቃ ስወጣ ሌላው ሰው ወደ ሥራ ይሄዳል፤ እኔ ከኦሮራ በስተምሥራቅ ወዳለው ሜዳ እወጣለሁ። እዚያ ተራራ የለም፤ ነፋስ ግን አለ፤ ጠዋት ከፊት ይመጣል፣ ስትመለስ ዞሮ ደግሞ ከፊት ይመጣል። ሌሊቱን ሳልተኛ ነድቼ፣ መንገድ ዳር ጥቂት አሸልቤ፣ ተነሥቼ መቀጠልን እዚያ ተማርኩ። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ያለ አይመስለኝም። የደከመው ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ጉልበቱን ይመስለዋል፤ እኔ መጀመሪያ የማጣው ውሳኔዬን ነበር። ውኃ ልሙላ ወይስ አልሙላ፣ ጃኬቴን ልልበስ ወይስ ትንሽ ልቆይ በሚል ተራ ነገር ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ስለዚህ ከቤት ሳልወጣ የምወስነውን ወሰንኩ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጃኬት ይለበሳል፤ ውኃ በተገኘበት ሁሉ ይሞላል፤ ዓይኔ መስመሩን ከሳተ እዚያው ይተኛል፤ ክርክር የለም።

ተራራውን ደግሞ ግንቦት ውስጥ ሄጄ አየሁት። ቦሪያስ ፓስ ከብሬክንሪጅ ከተማ ወደ ኮሞ የሚያሻግር፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ መንገድ ነው፤ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ የውድድሩ መንገድም በላዩ ያልፋል። አዲስ አበባ ተወልጄ ዴንቨር ለኖርኩ ለእኔ ቀጭን አየር እንግዳ አልነበረም፤ በረዶው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከላይ የጠነከረ ይመስላል፤ እርምጃህን ስታሳርፍበት እስከ ጉልበት ይውጥሃል። ብስክሌቱን እየጎተትኩ፣ እየተሸከምኩ ተሻገርኩት። ጋሼ ጫማዬ ውስጥ በካልሲዬ ላይ የዳቦ ላስቲክ እንዳጠልቅ ነግረውኝ ነበር፤ እግሬ ረጥቦ ሳይቀዘቅዝ ወረድኩ። ዴንቨር ባሉት ውድ ሱቆች ያየሁት የውኃ መከላከያ ካልሲ በደብተሬ ላይ ተሰረዘ።

ከዚያ በፊት ግን መጋቢት ነበር። ስለ መጋቢት ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የዚህ መንገድ የፍጥነት ባለቤት ማይክ ሆል ነበር፤ በ2016 በ13 ቀን ከ22 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ጨርሶታል። እንግሊዛዊ ነው። በ2012 ዓለምን በብስክሌት በ91 ቀን ከ18 ሰዓት ዞሯል፤ በ2013 ከለንደን ኢስታንቡል የደረሰውን የመጀመሪያውን ትራንስኮንቲኔንታል ያዘጋጀው እሱ ነው። ራስን ችሎ መሄድ የሚባለውን ነገር ለብዙዎቻችን ያስተማረን፣ ያለ ረዳት መሄድ ማለት ሰው መጥላት እንዳልሆነ በሥራው ያሳየን ሰው ነው። በዚያ መጋቢት ከአውስትራሊያ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከፍሪማንትል፣ ወደ ሲድኒ በሚሄድ 5,500 ኪሎ ሜትር በሚሆን ውድድር ላይ ነበር፤ ሁለተኛ ሆኖ ወደ መጨረሻው እየተቃረበ። እኔ ፈረቃ ከመግባቴ በፊትም ከወጣሁም በኋላ ነጥቡን አያለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በአውስትራሊያ ዓርብ መጋቢት 31 ሊነጋ ሲል፣ ነጥቡ ካንቤራ አጠገብ ቆመ። የተኛ መሰለኝ። ማታ ዜናው መጣ፤ ከንጋት በፊት መኪና ገጭቶት ሞቷል። 35 ዓመቱ ነበር። ውድድሩም እዚያው ላይ ቆመ።

ዐቢይ ጾም ነበር። እማዬ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ራሴ ነገርኳት። ብዙ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እናት አለችው?» ብቻ አለችኝ። «አለችው» አልኳት። ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቷ መካከል ከማላውቃቸው ስሞች ጋር የማውቀው አንድ የፈረንጅ ስም ስትጠራ እሰማ ነበር።

ልቤ ተከፈለ፤ ለብዙ ቀናት ብስክሌቱን አልነካሁም። ጋሼም ሂድ አላሉኝም፤ ቅርም አላሉኝም። አንድ ማታ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን የሚያንጸባርቅ ሰደርያና አንድ ጥቅል የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ይዘው ቤታችን መጡ። ሳሎን ውስጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ፕላስተሩን በመቀስ እየቆረጡ፣ የብስክሌቱ ግንድ ላይ፣ የጫማዬ ተረከዝ ላይ፣ ፔዳሉን በያዙት ሁለት ክንዶች ላይ ለጠፉ። ክንዶቹ ላይ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ቆሞ የሚያበራ ነገር ምልክት ይመስላል። ከፍ ዝቅ የሚል ብርሃን ግን ሰው መሆኑን ሾፌሩ ያውቃል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልመዝነው የያዝኩት ዕቃ ያ ፕላስተርና ሁለተኛው የኋላ መብራት ነበር።

ትጥቁ በዚህ መልክ ተሟላ። የከበደኝ ስንቁ ነው፤ ስንቁም ሲባል ከምግቡ ይልቅ ሰዎቹ።

የውድድሩ መንገድ ኮሎራዶ ሲገባ በብሬክንሪጅ በኩል ያልፋል፤ ከእኛ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ይህን የአክስቴ ልጆች ካርታው ላይ አይተው ኖሯል። ከትንሣኤ በኋላ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ተሰብስበው ስገባ ዕቅዱ አልቆ ጠበቀኝ፤ ማን ድንኳን እንደሚያመጣ፣ ማን ወንበር፣ ባንዲራው በማን እንደሚያዝ፣ ዶሮው ስንት እንደሚሆን። እማዬ በደስታ ፊቷ በርቶ ነበር። አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ ሰው ሁሉ በእኔ ምክንያት ተሰብስቦ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

«አይቻልም» ማለት ነበረብኝ፤ አልኩም። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ልጄ» አለች እማዬ፣ «በሬ ላይ የቆመ የማላውቀውን ሰው እንኳ ባዶ እጁን አልመልስ። አንተ በአጠገቤ ስታልፍ ዝም ብዬ ልይህ?»

«እንዳትመጪ ነው የምልሽ፣ እማዬ። ሕጉ ነው።»

«እሺ ምግቡ ይቅር። ውኃስ?»

«ውኃም ቢሆን።»

«ውኃ! የሚከለክል ዳኛ ማነው እሱ?»

ጋሼም ነበሩ፤ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እኅቴ፣ ዳኛ የለም እኮ። ለዚህ ነው እሱ መጠንቀቅ ያለበት» አሏት። አልተዋጠላትም። ሳምንት ሙሉ ስታሰላስል ቆይታ አንድ ጠዋት ከፈረቃ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አሰብኩበት። እዚያ ቆሜ የሚያልፈውን ሁሉ አበላለሁ። ሁሉም ከበላ፣ ላንተ ብቻ አይባልም።»

ይህ ጥያቄ ከዚያ ሁሉ ዝግጅት ይበልጥ እንቅልፍ ነሣኝ። እውነቷን ነበር፤ መንገዱ ላይ ለሚያልፍ ሁሉ በራቸውን የሚከፍቱ ደግ ሰዎች አሉ፤ ማንም አይነቅፋቸውም። ነገር ግን እማዬ እዚያ ተራራ ላይ የምትቆመው እኔ በማልፍበት ቀን ነው። ከእኔ ሁለት ቀን ቀድሞ ያለፈው አያገኛትም፤ ሁለት ቀን ዘግይቶ የሚመጣው አያገኛትም። ከዚያም በላይ፣ እናቴ ከተራራው ማዶ እንዳለች እያወቅሁ የምወጣው ዳገትና ማንም እንደሌለ እያወቅሁ የምወጣው ዳገት አንድ አይደሉም። ይህን ሳስረዳት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ መስማማቷ ይሁን ማዘኗ አልለየኝም። ስፖርት ለሚወድ ሰው ሁሉ የምለው አለኝ፤ ይህንን ንግግር ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ጉልበት በወር ይገነባል፤ እናትን ማሳመን ግን የራሱ ጊዜ ይፈልጋል።

መውጫውን ያገኘችው ራሷ ናት። «ከመነሻው የያዝከውስ?» አለችኝ።

«ከመነሻው የያዝኩት የራሴ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ከመነሻው ነኝ» አለችና ገብስ ልትገዛ ወጣች።

ቤታችን ለሳምንት ገብስ ገብስ ሸተተ። በሶ ቀላል ነገር የሚመስለው ሠርቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ገብሱ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፤ ከዚያ ምጣዱ ላይ በትንሽ በትንሹ ይቆላል። እሳቱ ከበዛ ከላይ ያርርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ ይደርቃል እንጂ አይበስልም። እማዬ በዓይኗ አታምንም፤ አንድ ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ትሰብርና ድምፁን ትሰማለች። ተፈጭቶ ሲወጣ ጣት ላይ ሐር ነው። ውኃ፣ ጨውና ማር ሲገባበት፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲበጠበጥ፣ ብስክሌት ላይ እንዳለህ የምትጠጣው ምግብ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የስፖርተኛ ዱቄት ከዚህ የተለየ ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ አባቶቻችን ለዘመቻ ሲነሡ ይህንኑ በስልቻ ይዘው ነው የወጡት። ቆሎውን ከሱፍና ከኦቾሎኒ ጋር ቀላቀለችው፤ ዳቦ ቆሎም ጨመረች።

ጭኮ ግን አከራከረን። መነሻው ሰኔ 2 ቀን 2009 በእኛ አቆጣጠር፣ የሐዋርያት ጾም በገባ በዚያው ሳምንት ነበር፤ ጭኮ ያለ ቅቤ ጭኮ አይደለም። ጋሼ፣ «መንገደኛ አይጾምም» አሉ፤ እማዬ፣ «ይህን የሚሉት አንቱ አይደሉም» ብላ የንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰደችኝ። አባ ስለ መንገዱ ርዝመት፣ ስለ ብርዱ፣ በሱቆቹ ስለሚገኘው ምግብ በትዕግሥት ጠየቁኝ፤ ከዚያ ፈቀዱልኝ፤ ስመለስ የማደርገውንም ነገሩኝ። ጭኮው ተሠራ። በትንሽ በትንሹ ተጠፍጥፎ፣ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

የመጨረሻው ምዘና ማታ ላይ ሆነ። ሚዛኑን የያዘችው በዚያ ቀን እሷ ናት። ኦቾሎኒ በ100 ግራም ወደ 570 ካሎሪ፣ ገብስ ወደ 350 እንደሚሰጥ፣ ስለዚህ በሶው ቢቀነስ እንደሚሻል ከደብተሬ አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ትርፍ ሱሪዬን አንሥታ ሚዛኑ ላይ ጣለችው። «ይኼ ስንት ነው?» ሦስት መቶ ምናምን ግራም። «ይበላል?» አለችኝ። ሱሪው ኦሮራ ቀረ፤ በቦታው በሶ ገባ።

ጋሼ ብስክሌቱን ፈትተው ካርቶን ውስጥ አሽገውት በአውሮፕላን ካልጋሪ ደረስኩ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ባንፍ። በመንገዱ ላይ ስለሆነው ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል፤ አንቴሎፕ ዌልስ ከብዙዎቹ በኋላ ደርሻለሁ።

በመነሻው ዋዜማ ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ የጋራ ወጥ ቤት በተወዳዳሪዎች ተሞልቶ ነበር። ከየአገሩ የመጣው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዕቃውን ዘርግቶ የሚጥለውን ይጥላል፤ የድብ ማባረሪያ ጋዙን ከየት እንደሚያንጠለጥል ያወራል። ስለ ሌል ዊልኮክስም ይወራል፤ በ2015 ከአላስካ ባንፍ ድረስ በብስክሌቷ መጥታ፣ ከዚያ ተነሥታ የሴቶችን ክብረ ወሰን የሰበረችው። እኔ የበሶውን ላስቲክ ስከፍት ሽታው ክፍሉን ሞላው። አጠገቤ የነበረ ቀይ ጢም ያለው ወጣት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ከነገ ጠዋት በኋላ እኔ ልሰጠው፣ እሱ ከእኔ ሊቀበል አንችልም፤ ያን ማታ ግን እንችል ነበር። በጥብጬ ሰጠሁት። ሌሎቹም ኩባያቸውን ይዘው መጡ።

ወጣቱ ጨርሶ ጠጥቶ አሠራሩን መጻፍ እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ስለዚህ ወደ ቤት ደወልኩ። የባንፍና የኦሮራ ሰዓት አንድ ነው፤ እማዬ አልተኛችም። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከገብሱ አለቃቀም ጀምራ፣ ስለ እሳቱ፣ በጥርስ ሰብሮ ድምፁን ስለመስማት፣ አንድም ሳታስቀር አስረዳች፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስትጨርስ፣ «የእሱ እናት ምን ሰነቀችለት?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩለት። የገዛቸውን የቸኮሌት ጥቅሎች ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ራሱ እንደገዛቸው ነገረኝ፤ እኔም ለእሷ ነገርኳት።

«እንግዲያው ከጭኮው ስጠው» አለችኝ። «ገና አልጀመራችሁም።»